ቀለም ይልማል እንጂ አቶም አይሆንም

ለመኪና ቀለም ቀቢዎች ማሠልጠኛ ተብሎ በተዘጋጀና ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር አንድ ጽሑፍ ላይ፣ «ልሙጥ ገጽ ለማግኘት ቀለሙን በሚገባ አቶማዊ ማድረግ ያስፈልጋል» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበብሁ፤ አዘጋጁ ወጣቶችን ሙያ ለማስጨበጥ የደከመውን ድካም እያመሰገንሁ፣ ቃሉን ግን በዝምታ ላልፈው አልተቻለኝም። ያው ጽሑፍ የቀለሙን መርጫ «የቀለም ጠመንጃ»፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በገጹ ላይ የሚታየውን ሻካራነት ደግሞ «የብርቱካን ልጣጭ» ይለዋል። ሦስቱም ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጡ ናቸው፤ ሦስቱም ዛሬ በየጋራዡ ደጃፍ በሚለጠፍ ማስታወቂያና በየስልኩ በሚታይ ማስተማሪያ እየተባዙ ሄደዋል። አንድ ቃል ከሠራተኛ አፍ ከገባ በኋላ ማስወጣቱ ብርቱ ድካም ነውና፣ ገና በደጅ ቆሞ ሳለ ማንነቱን መጠየቅ ይገባል።

ሁለቱን በአጭሩ ልሸኛቸው። መሣሪያው ቃታ ስላለውና በእጅ ተይዞ ስለሚነጣጠር በባዕድ አገር በጠመንጃ ስም ተጠርቶ ይሆናል፤ ነገር ግን የእኛ ገበሬ ለሰብሉ ፀረ ተባይ የሚረጭበትን ዕቃ «መርጫ» ማለት ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ስለሆነ፣ «የቀለም መርጫ» ብንል ማንም አይሳሳትም፤ ጠመንጃም ለጠመንጃነቱ ይቀራል። ቃታው ግን ቃታ ይባል፤ መልኩም ሥራውም ያው ነውና። «የብርቱካን ልጣጭ» የሚለው ግን ከማስቀየም አልፎ ገንዘብ ያስከፍላል። በአማርኛ ቀለም «ተላጠ» ከተባለ ከላሜራው ተለቅቆ ተነሣ ማለት ነው፤ ይህ ነውር ሲደርስ ቀለሙ እስከ ሥሩ ተፍቆ ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። «የብርቱካን ልጣጭ» የተባለው ነውር ግን ሌላ ነው፤ ቀለሙ በላሜራው ላይ በደኅና ተጣብቆ ሳለ ገጹ ብቻ ጥቃቅን ጉብታና ስርጉዳት ያወጣል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ታሽቶ፣ ፖሊሽ ተደርጎ ይቃናል። እንግዲህ ባለመኪናው «ልጣጭ» የሚለውን ሲሰማ መላጥ መስሎት ቢደነግጥ፣ ወይም ተንኰለኛ ሠራተኛ ትንሹን ነውር በትልቁ ዋጋ ቢያስከፍለው፣ ጥፋቱ የመጀመሪያው ተርጓሚ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ወደ ዋናው እንምጣ። የቀለም መርጫ ሥራው ፈሳሹን ቀለም በታመቀ አየር ሰባብሮ፣ ዓይን አንዱን ከአንዱ ሊለየው እስከማይችል ድረስ ጥቃቅን ጠብታ ማድረግ ነው። እነዚህ ጠብታዎች ከላሜራው ላይ ሲያርፉ ገና እርጥብ ሳሉ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው አንድ ዝርግ ገጽ ይሆናሉ፤ ትልልቅ ሆነው ከወጡ ውሕደቱ ሳይፈጸም ይደርቁና ገጹ ይሻክራል፤ ከመጠን በላይ ካነሱ ደግሞ ማቅጠኛው ቲነር በመንገድ ላይ ተንኖ ደረቅ ትቢያ ሆነው ያርፋሉ። አንባቢዬ ይህን ያህሉን በየጋራዡ በር ሲያልፍ ማየቱ ስለማይቀር አላረዝመውም።

የጥበቡ ትውልድ ግን መጥቀስ የሚገባው ነው፤ ከሐኪም ቤት የወጣ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በቶሌዶ ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም አለን ዴቪልቢስ የሕመምተኞቹን ጉሮሮ በመድኃኒት የሚያረጥብበት ትንሽ መርጫ ሠራ፤ ልጁ ቶማስም በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ያንኑ ጥበብ ለቀለም አዋለው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1923 ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ዱኮ የተሰኘውን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ለጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ባቀረበ ጊዜ፣ በብሩሽ ሲቀባና ሲደርቅ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሰዓታት የሚቈጠር ሆነ፤ መርጫውም ከመኪና ሥራ ጋር ሳይለያይ ቀረ።

እንግሊዞች ለዚህ ፈሳሽን ለመሰባበር ሥራ «አቶማይዜሽን» የሚል ስም ሲሰጡ፣ «የማይከፈል» ማለት ከሆነው ከግሪኩ «አቶም» ተነሥተው፣ «ከዚህ ወዲያ ሊከፈል እስከማይችል ድረስ አሳነስነው» ማለታቸው ነው። ይህ ግን ማጋነን ነው። ከሚሊሜትር ሃያኛ እጅ የምታህል አንዲት የቀለም ጠብታ በውስጧ በሚሊዮን ቢሊዮን የሚቈጠር አቶም አላት፤ መርጫው ወደ አቶም ቀርቶ ወደ ሞለኪዩል እንኳ አላደረሳትም። ባለቋንቋዎቹ ማጋነናቸውን ለምደውት ሳይሰማቸው ይናገሩታል፤ እኛ ግን ማጋነኑን በብድር ወስደን፣ በላዩም «መንፈሳዊ»፣ «ሰማያዊ» የምንልበትን የባሕርይ ቅጽል ጨምረን «አቶማዊ» ስንለው፣ የሰማው ሰው ስለ ቦምብ እንጂ ስለ መኪና ቀለም እየተወራ አይመስለውም።

እዚህ ላይ «የጋራዥ ቋንቋ ከጥንቱም የባዕድ ነው፤ አንድ ቃል ቢጨመር ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው እውነት አለበት። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ በደብረ ብርሃን በኩል ሲያሠራ፣ ጣርማ በርንም ሰርስሮ በተራራው ሆድ መኪና ሲያሳልፍ፣ በመኪናው ላይ ጭኖ ቃላቱንም አምጥቷል፤ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ባትላሜራ፣ አኳራጅ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን ሁሉ የዚያ ዘመን እንግዶች ሆነው ገብተው ዛሬ ባላገር ሆነዋል። እነዚህን ላሳድድ የተነሣሁ አይደለሁም። ነገር ግን አንባቢዬ ልብ ይበል፤ ሁሉም ስሞች ናቸው። ስም ከየትም ቢመጣ አማርኛ «ስቱኮው»፣ «ላሜራዎቹ» እያለ ያለ ችግር ያስተናግደዋል፤ ግሥ ግን በአማርኛ ሕግ ካልረባ ሥራ አይሠራም። «አቶማይዝ» የሚለውን ለማርባት የሚሞክር ሰው፣ «አቶማይዝ አድርጎ»፣ «አቶማይዝ ሳያደርግ»፣ «አቶማይዝ እስኪሆን» እያለ «ማድረግ»ንና «መሆን»ን በየዐረፍተ ነገሩ ሲጎትት ይውላል። የዕቃ ስም መበደር የንግድ ጠባይ ነው፤ የሥራ ግሥ መበደር ግን የገዛ እጃችን የሚሠራውን በሰው አንደበት መናገር ነው።

ታዲያ ምን እንበል? አንኮበር ብዙ መኪና የሚተራመስባት አገር ባትሆንም የመዝገበ ቃላት አገር ናት። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን፣ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ «ዘሀገረ አንኮበር»፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሰፉትን፣ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የሚያውቅ ሰው፣ ለአንድ ነገር ስም ከመስጠቱ አስቀድሞ ግሡን እስከ ሥሩ መመርመር እንደሚገባ ከእነዚያ ሊቃውንት ይማራል። እኔም በዚሁ ልማድ፣ እንደ አንድምታ መምህራን «አንድም» እያልሁ፣ የቀረቡትንና ሊቀርቡ የሚችሉትን ቃላት በየተራ ልመርምር።

አንድም «መንዛኅ» ይሏል፤ በግእዝ «ነዝኀ» ማለት ረጨ ማለት ሲሆን በኀምሳኛው መዝሙረ ዳዊት በንስሐ ጸሎት ውስጥ የሚገኝ ክቡር ግሥ ነው። ክብሩን ሳልነካ፣ ለዚህ ሥራ አይበቃም እላለሁ፤ ምክንያቱም ነዝኀም ሆነ አማርኛው «ረጨ» የሚነግሩን ፈሳሹ ከእጅ ወጥቶ መሄዱን እንጂ ምን ያህል ደቅቆ መሄዱን አይደለም። ጸበል በእፍኝም ይረጫል፤ ቀለምም በክፉ መርጫ ይረጫል፤ የምንፈልገው ቃል የጠብታዋን መጠን የሚመሰክር ነው።

አንድም «ማርቀቅ» ይሏል፤ «ረቀቀ» ቀጠነ፣ ሰለለ፣ ከዓይን ተሰወረ ማለት ነውና ትርጓሜው ይቀርባል። ይሁን እንጂ ነገረ መለኮት መላእክትን ረቂቃን ብሎ ወስዶታል፤ የሕግ ሰዎችም ረቂቅ አዋጅ እያሉ በየመሥሪያ ቤቱ ወስደውታል፤ «ቀለሙን አርቅቀው» ቢባል ሠራተኛው ብዕር ይፈልጋል። አንድም «ማትነን» ይሏል፤ ይህስ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በዚሁ ሥራ ውስጥ በእርግጥ የሚተን ነገር፣ ማለትም ቲነሩ፣ ስላለ፣ ሁለቱን ሥራ በአንድ ስም መጥራት ተማሪውን ማሳሳት ነው። አንድም «ማድቀቅ» ይሏል፤ ከግእዙ «ደቀቀ» የወረስነው ጥሩ ግሥ ቢሆንም፣ የሚደቀው ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነገር ነው፤ ይልቁንም በዛሬ አነጋገር «አገር ደቀቀ»፣ «ንግዱ ደቀቀ» እየተባለ ወደ ጥፋት አዘንብሏል።

አንድም «ማብነን» ይሏል። ብርቱው ተቀናቃኝ ይህ ነው፤ አቧራ ሲነሣ «በነነ»፣ የሚበነውም «ብናኝ» ስለሚባል፣ ብዙ ወዳጆቼ ለዚህ ቃል ይሟገታሉ። ነገር ግን የበነነ ነገር የባከነ ነው፤ «ገንዘቡ ብን ብሎ ጠፋ» የምንለው ስለዚህ ነው። በቀለም ሥራም ብናኝ የሚለው ስም ሊሰጠው የሚገባ ሌላ ባለቤት አለ፤ ከመርጫው ወጥቶ ላሜራውን ሳይነካ በቤቱ የሚንሳፈፈው፣ በመስታወትና በጎማ ላይ እንደ ትቢያ የሚያርፈው ቀለም እርሱ ነው። የጥፋቱን ስም ለልማቱ መስጠት አይገባም።

የእኔ ድምፅ «ለማላም» ነው። «ላመ» ማለት ዱቄት ወይም አፈር ደቅቆና ለስልሶ በጣት ሲዳሰስ እህል የማይባልበት ደረጃ ደረሰ ማለት ነው፤ «እስኪልም ፍጪው»፣ «አልሞ ፈጨ»፣ «የላመ የጣመ» እያልን በየቀኑ የምንናገረው ቃል ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ፣ ገብስ ዋና እህል በሆነበት አገር፣ ለበሶ የሚሆነውን ዱቄት ያልላመ ብሎ የሚመልስ እንጂ ላመ ማለት ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን ቃሉ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። የወፍጮ ቋንቋችን መሰላል አለው፤ ከካ፣ ሸረከተ፣ ፈጨ፣ ሰለቀ፣ አላመ እየተባለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። መሰላሉን ወደ ጋራዡ ብንወስደው ሦስት ስሞች በአንድ ጊዜ እናገኛለን፦ ጠብታው ትልቅ ሆኖ ገጹን ያሻከረው ርጭት «ሽርክት»፣ በልኩ የወጣው «ልም»፣ ከልክ አልፎ በአየር የባከነው «ብናኝ»። ብርቱካኑም ሳይላጥ ወደ ገበያው ይመለሳል።

ይህ የብራና ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስል፣ በደብረ ብርሃን ያየሁትን ልጨምር። ከተማይቱ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ከሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት የሰየሟት፣ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ግእዙ «ሐመዳ» የሚለው አመዳይ ሣሩን ያነጣዋል። በማለዳ ከአንድ ጋራዥ ብገባ፣ ጎልማሳው ቀለም ቀቢ የቀለሙን ጣሳ በሞቀ ውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አቁሞ ያማስለዋል፤ ቀለም በብርድ ይወፍራልና፣ የወፈረውንም አየሩ ሊሰባብረው አይችልምና። ከዚያ የኮምፕሬሰሩን የታች ቧንቧ ከፍቶ ሌሊት የተጠራቀመውን ውኃ አፈሰሰ፤ መርጫውን ሞላና፣ በግድግዳ በተለጠፈ ካርቶን ላይ ቃታውን ለአፍታ ስቦ ለቀቀ። በካርቶኑ ላይ የወጣው ሞላላ መልክ መካከሉ ደኅና ሆኖ፣ ዳርና ዳሩ ግን በወፋፍራም ነጠብጣብ ተዥጐርጕሯል። ምን አየህ ብለው፣ «ጋሼ፣ ይኼ ገና ሽርክት ነው፤ አልላመም» ብሎ የአየሩን ግፊት በጥቂቱ ጨመረ፤ የቀለሙን መጠን የሚወስነውን የመርፌውን ብሎን ደግሞ ግማሽ ዙር አጠበቀ። ሁለተኛው ካርቶን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ። ያ ሰው የማሠልጠኛውን ጽሑፍ ቢያነብ ኖሮ ምን ይለው ነበር?

ሥራውን በቁጥር ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ልናገር። በመርጫው ላይ የሚስተካከሉት ሦስት ናቸው፦ በመርፌው የሚወጣው የቀለም መጠን፣ የአየሩ ግፊት፣ የርጭቱ ስፋት። ለመጨረሻው ቀለምና በላዩ ለሚረጨው ግልጽ ሽፋን፣ ለክሊሩ፣ አፉ 1.3 ወይም 1.4 ሚሊሜትር የሆነ መርጫ ይመረጣል፤ ወፍራሙ የሥር ቀለም ግን ከ1.6 በላይ ይፈልጋል። በዝቅተኛ ግፊት የሚሠሩት መርጫዎች በአፋቸው ላይ ያለው አየር ከ0.7 ባር እንዳያልፍ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ከላሜራውም ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ተርቀው ይያዛሉ፤ እያንዳንዱ ምላሽ የቀደመውን ቢያንስ እኩሌታ ይሸፍናል። የቀለሙ ቅጥነት ከሥሩ በተቀደደ መለኪያ ጽዋ፣ ፈስሶ እስኪያልቅ በሚወስደው ሴኮንድ ይለካል፤ መለኪያው ግን 20 ዲግሪ ሙቀትን መሠረት ያደረገ ስለሆነ፣ በደብረ ብርሃን ማለዳ ጣሳው ሳይሞቅ የተለካ ቁጥር ያታልላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በክብደት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነውና፣ አቅሙ ትንሽ የሆነ ኮምፕሬሰር በሩ ተቀብቶ ሳያልቅ ይደክምና፣ ልም የጀመረው ሽርክት ሆኖ ይጨርሳል። ወደ አንኮበር ወጣ ቢሉ ደግሞ ከቆላው የሚወጣው ጉም እርጥበቱን ይዞ ይመጣል፤ እርጥበት በፈጣን ቲነር በቀጠነ ቀለም ላይ ሲያርፍ ገጹን ስለሚያነጣው፣ ጉሙ እስኪገለጥ መታገሥ የሙያው አካል ነው።

በማላም ላይ የሚቀርበውን ክስ አልሸሽግም። «አላሚ» ስንል ሕልም የሚያይ ወይም ወደ ግብ የሚያነጣጥር ሰው ሊመስል ይችላል ይሉኛል። በጽሕፈት እውነት ነው፤ በንግግር ግን ሐሰት ነው። ከ«አለመ» የወጣው «አላሚ» ለውን አጥብቆ ይነበባል፤ ከ«አላመ» የወጣው አላልቶ ነው፤ በ«ማለም»ና በ«ማላም» መካከልም ፊደሉ ራሱ ይለያል። አማርኛ እያጠበቀና እያላላ «አለ»ን ከ«አለ»፣ «ገና»ን ከ«ገና» ለይቶ የኖረ ቋንቋ ነው፤ በአንድ ቀለም ቀቢ ምክንያት ግራ አይጋባም። ሁለተኛው ክስ ደግሞ ቃሉ የወፍጮ ቤት ነው፣ ለቴክኒክ አይመጥንም የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የሚንቁት ቃሉን ሳይሆን የተናገረውን ሰው መሆኑን ልብ አላሉትም። በአንጎለላ ተወልደው በአንኮበር ያደጉት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠራ የሚሰድበውን በአዋጅ ከልክለዋል፤ በዚያው ዓመትም ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ያመጣላቸውን መኪና ተቀብለው በከተማቸው ሄደውበታል። መኪናውን ተቀብሎ የመኪናውን ሠራተኛ ቃል መናቅ፣ ከንጉሡ ሥራ እኩሌታውን ብቻ መከተል ነው። «ጠይብ» የምንለው ከ«ጠቢብ» ጋር ሥሩ አንድ መሆኑን ሊቃውንቱ አስቀድመው ነግረውናል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። መሣሪያው የቀለም መርጫ፣ ሥራው ማላም፣ ውጤቱ ልመት ይባል፤ ርጭቱም እንደ ሁኔታው ሽርክት፣ ልም ወይም ብናኝ ይባል። የተሻለ ቃል አለኝ የሚል ቢኖር ያምጣና እንከራከር፤ ማርባቱን ግን አስቀድሞ ይሞክረው። የማሠልጠኛ መጻሕፍት የምታዘጋጁ መምህራን ሆይ፣ ከመተርጐማችሁ በፊት አንድ ቀን ወፍጮ ቤት፣ አንድ ቀን ጋራዥ ውላችሁ፣ ሠራተኛው በራሱ አፍ የሚለውን ጻፉ።